የጋሼ ፍሬን ስድስት እጥፋት

እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ሾፌር ጋር በአንድ አውቶቡስ ሠርቻለሁ። ስለ እሱ ማውራት ስጀምር እህቶቼ "ጀመረቻት ደግሞ!" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰው ስለሚያደንቀው ሰው ካላወራ ስለ ማን ሊያወራ ነው?

የመዝገብ ስሙን የሚጠራው አለቃችን ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ጋሼ ፍሬን ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በፍሬን አያያዙ ነው። ሌላው ሾፌር ፌርማታ ሲደርስ ቆሞ የሚሄደው ተሳፋሪ እንደ ድንች ከረጢት ወደ ፊት ይንከባለላል። የእሱ አውቶቡስ ግን መቆሙ የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ነበር። በየጠዋቱ የሚሳፈሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ሁልጊዜ ክንዴን ነካ አድርገው "ልጄ፣ ቆምን እንዴ?" ይሉኛል። "ከቆምን ቆየን እማማ" ስላቸው እየሳቁ ይወርዳሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያ ፍሬን ጮኸ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦታዬ ተነቅዬ የፊት ወንበር ላይ ተለጠፍኩ። ቀና ብዬ ሳይ አንድ ብስክሌተኛ ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር ወጥቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ፔዳሉን እየመታ ሄደ። ማንም አልተነካም። ከተሳፋሪው ግማሹ ምን እንደሆነም አላወቀም።

ጋሼ ፍሬን ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ ዞር ሳይል፣

"እህቴ፣ ያንን ብስክሌተኛ አይተሽው ነበር?" አለኝ።

"አይቼዋለሁ ጋሼ። ከኋላ ጀምሮ በቀኝ በኩል እየመጣ ነበር።"

"እኔ አላየሁትም። ፊቴ ድቅን እስኪል ድረስ አልነበረም።"

ተነሣና ወደ ተሳፋሪው ዞረ። ኮፍያውን አውልቆ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ። ዓይኔ እምቢ ብሎኛል። ሰሞኑን ጠርጥሬ ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ ሆኛለሁ። ሌላ ሾፌር እስኪመጣላችሁ ትንሽ ታገሡኝ" አለ። ክራቫት ያሰረ አንድ ሰው "ሥራ ረፈደብኝ እኮ!" ብሎ ጮኸበት። ጋሼ ፍሬንም በዚያው በለሰለሰ ድምፁ፣ "ልክ ነህ ወንድሜ፣ አስረፍጄብሃለሁ" አለውና ቁልፉን በእጄ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልጨበጠም።

ይሄን የማወራው ለምን መሰላችሁ? ዝም ብሎ እስከ ማታ ቢነዳ የሚጠይቀው አልነበረም። ለጡረታው የሁለት ዓመት ሥራ ይቀረው ነበር። እሱ ግን በራሱ ላይ ራሱ መሰከረ።

ሐኪሙ ያለው አጭር ነው፤ የዓይኑ ግፊት ጨምሮ ዳር ዳሩን በልቶታል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን የዓይን ጠብታውን ካላቋረጠ ለብዙ ዓመት ማቆየት ይቻላል። ጋሼ እንደሚለው፣ ዓለምን በቀጭን ቧንቧ አሾልቆ እንደማየት ነው። የእኔን አፍንጫ ሲያይ ጆሮዬ የለም፤ ጆሮዬን ሲያይ አፍንጫዬ ይጠፋል። "ደግነቱ አፍንጫሽ ከጆሮሽ ይሻላል" ብሎኛል።

ቀልዱ ግን የመጣው ኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀልድ አልነበረባቸውም።

እሱና ባለቤቱ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ መተላለፍ የማይቻልበት ማእድ ቤት። ባለቤቱ አዋላጅ ናት። ተረኛ ስትሆን በጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። አንድ ልጃቸው ሌላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እሱ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የአውቶቡስ ድምፅ ያዳምጣል። "ይሄ የአራት ሰዓቱ ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እየተጨነቀ ነው፤ ክላቹ ሊበላ ነው" ይላል ለብቻው። አዋላጇ አንድ እሑድ ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሰውዬዬ ወንበር ሆኖብኛል። እቃ ሆነ እኮ! የሚያናግረው ጠፋ፤ እስቲ አንቺ ሞክሪው" አለችኝ። ሞከርኩ። ስለ መሥሪያ ቤቱ ሐሜት አወራሁለት፤ ጥሩ ጥሩውን ነበር የመረጥኩት። "እህ" እያለ ሰምቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ ወንበር ያስነሣው አንድ ያረጀ የሊጥ ፓኬት ነው።

ልጃቸው ለእረፍት መጥታ በነበረ ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የተነባበረ ሊጥ ገዝታ ፍሪዘር ውስጥ ረስታው ነበር። ያው ኬክ ቤት የምናየው፣ ሲጋገር የሚነፋው፣ ሲገመጥ ልብስ ላይ የሚረግፈው ዓይነት። አዋላጇ አንድ ጠዋት ስትወጣ፣ "ያ የልጅህ ሊጥ ጊዜው ሊያልፍ ነው፤ አውጥተህ ጣለው" ብላው ሄደች። አወጣው። እንደ ጡብ የደረቀ ነው። በአጉሊ መነጽር ማሸጊያውን ፊደል በፊደል ሲያነብ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ገና ጊዜው ላላለፈ ነገር ምን አስጣለኝ ብሎ ላዩ ላይ ስኳር ነሰነሰበትና፣ እንደ ጡብነቱ ኦቨኑ ውስጥ ከቶ፣ ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞረው።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ የታችኛዋ ጎረቤት ናት። ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ስትሆን ጭሱን አይታ ውሃ የሞላ ባልዲ ተሸክማ ነው ሽቅብ የሮጠችው። በሩን ሲከፍትላት ባልዲውን በእሱ ላይ ልትደፋው ምንም አልቀራትም ነበር። መስኮቱን ሁሉ ከፋፍተው፣ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ያንን ጥቁር ነገር ጠረጴዛ ላይ አደረጉት። ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ። ከአንዱ ማዕዘን ግን አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ሳትቃጠል ተርፋለች። ተነፍታለች፤ ወርቅማ ሆናለች። ጋሼ ፍሬን ቆርሶ አፉ ውስጥ ጣላት።

በሚቀጥለው እሑድ ገና በሩን ሳልዘጋው፣

"እህቴ፣ ሰማሁት እኮ!" አለኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

"ሊጡን ነዋ! ጥርሴ ሥር ክሽክሽ ሲል ሰማሁት። ስንት ወር ሙሉ በጆሮዬ የሚገባው 'ተጠንቀቅ'፣ 'ተቀመጥ'፣ 'እኔ ላምጣልህ' ብቻ ነበር።"

ከዚያ ሌላ ፓኬት አስገዛኝ። ልጁ ስልክ ላይ ሆና ታዘዋለች። "አባዬ፣ ቅዝቃዜው እንዳይለቀው፣ ግን እስኪታጠፍ ይለስልስ። አባዬ፣ ኦቨኑን ቀድመህ አሙቀው። አባዬ፣ እባክህ እስከ ጥግ አታዙረው!" የኦቨኑ ቁጥሮች አይታዩትም ነበርና ሁለት መቶው ላይ የክብሪት እንጨት ቆርጦ በማጣበቂያ ለጠፈበት። ጣቱ እንጨቷን ስትነካ ያቆማል። የመጀመሪያው ሙከራ በጣት ስፋት እየተቆረጠ፣ ስኳርና ቀረፋ ተነስንሶበት የሚጠመዘዘው ነው። ሕፃንም ይሠራዋል ይባላል። የጋሼ ግን አንዱ እርሳስ አክሎ፣ አንዱ ክንድ አክሎ፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ተተርትሮ ወጣ። እኔ፣ ጎረቤቲቱና አዋላጇ ትሪውን ከበን አንድም ሳናስተርፍ በላነው።

ቀጥሎ ማርማላታ የሚከተትበት አራት ማዕዘን መጣ። ጋሼ ለሰው ሲያቀርብ ስስት አያውቅምና በእያንዳንዱ ሊጥ ላይ በሾርባ ማንኪያ ሞልቶ ገለበጠበት። ማርማላታው በየቀዳዳው አመለጠ፣ ፈላ፣ መጋገሪያ ፓትራው ላይ ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ። አዋላጇ የእረፍት ቀኗን በሙሉ በቢላዋ ስትፍቅ ዋለች። "ሦስት መንታ ያዋለድኩ ቀን እንኳን እንዲህ አልደከምኩም" አለች። ከዚያ በኋላ በሻይ ማንኪያ፣ አንድ ብቻ፣ እሱም መሐል ለመሐል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሄደ። አንድ ቀን ሊጡን ራሱ ከዱቄት ጀምሮ መሥራት እንደሚፈልግ ነገረን። ልጁ በስልክ ሳቀች። "አባዬ፣ እሱን ማንም ቤት ውስጥ አይሠራውም፤ ይገዛል እንጂ።"

"ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራውስ ሰው አይደለም?"

"ማሽን ነው፣ አባዬ።"

"ማሽኑ ሳይሠራ በፊትስ?"

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና፣ "ከኋላዬ ትቀመጥ የነበረችውን ቅቤ ቅቤ የምትሸተውን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ?" አለኝ።

እንዴት አላስታውስ! የመጀመሪያውን ጉዞ የማታጎድል፣ ግዙፍ፣ የማትስቅ፣ ፖስታ ቤቱ ጋ የምትወርድ ሴት። ከ"እንደምን አደርክ" እና "ደህና ዋይ" ሌላ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። በማግሥቱ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ያለው ኬክ ቤት ጓሮ ገብቼ አገኘኋት። እንደ አልጋ የሰፋ እብነ በረድ ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ሊጥ ትዳምጣለች። የመጣሁበትን ነገርኳት።

"ያ ፍሬኑ? ዓይኑን አመመው ሲሉ ሰምቻለሁ። አዝኛለሁ፤ ከእሱ ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ ተኝቼ አላውቅም። እና ምን ልሁንለት?"

"ሊጥ አስተምሪኝ ነው የሚለው።"

መዳመጫዋን አስቀምጣ አየችኝ። የምቀልድ መስሏት ነበር። እንዳልቀለድኩ ሲገባት፣ "ሰኞ እረፍቴ ነው። ቅቤውን ከፍሪጅ እንዳያወጣው በይው" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰኞ መጣች። ገና ከመግባቷ፣ "እጅህን አምጣ" አለችው። ሁለቱንም እጁን ይዛ አገላበጠቻቸው። "ትኩስ ነው። ሄደህ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ። ቅቤ ሙቀት አይወድም።" ታጥቦ መጣ። "አሁንም አልበረደም፤ ሂድና ድገመው።" ሦስት ጊዜ ላከችው። አዋላጇና እኔ በሩ ላይ ተደግፈን ሳቃችንን አፍነን እናያለን፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያንን ሁሉ ብረት ሲያዝ የኖረ ሰው እንደ ተማሪ ሲመላለስ።

ዱቄት፣ ጨው፣ በረዶ የገባበት ውሃ። ሳይታሽ፣ ሰብሰብ እስኪል ብቻ ተነካክቶ፣ ተሸፍኖ አረፈ። ቅቤው በሁለት ወረቀት መሐል ተደርጎ በመዳመጫ ተደብድቦ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ሆነ። ሊጡ ተዳመጠ፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ተቀመጠ፣ ሊጡ ከአራት በኩል እንደ ፖስታ ተከደነበት። ከዚያ መዳመጥ፣ ሦስት ቦታ ማጠፍ፣ ማዞር፤ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ። ከዚያ እንደገና። ስድስት ጊዜ።

ጋሼ ሊጡን ለማየት ጎንበስ እያለ አፍንጫውን ሊያስነካው ሲደርስ ኬክ ጋጋሪዋ ትከሻውን ይዛ አቃናችው። "ትንፋሽህ ያሞቀዋል። ደግሞስ ምን ልታይ ነው? ቅቤው ውስጥ ነው ያለው፤ እኔም አላየውም። በጣትህ ፈልገው።" መዳፉን በሊጡ ላይ አስኬደችለት። "እዚህ ጋ ወፍራም ነው አይደል? እዚህስ? እዚህ ጋ ቅቤው ሊወጣ ነው፤ ልስልስ ይልሃል፤ ዱቄት ነስንስበትና ወደ ፍሪጅ። አትታገለው።"

"ስንተኛው እጥፋት ላይ እንዳለሁ ቢጠፋብኝስ?"

"ለሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ሊጡ ላይ ምልክት እንተዋለን።" ጣቷን ሊጡ ጥግ ላይ ጫን አድርጋ ጎድጎድ ያለ ምልክት ተወች። "አንድ እጥፋት፣ አንድ ጣት። ሁለት እጥፋት፣ ሁለት ጣት። ከፍሪጅ ስታወጣው ዳብሰህ ቁጠር። እኛ ጋጋሪዎች ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናደርገው።"

ጋሼ ፍሬን ያቺን ጉድጓድ በጣቱ ፈልጎ አገኛት። ፊቱ ሲበራ አየሁ። ስንት ወር ሙሉ "እኛ" ያለው ሰው አልነበረም፤ እሷ "እኛ" አለችው።

ጋጋሪዋ ባለችበት ቀን ሊጡ አምሮ ወጣ። ከሄደች በኋላ ግን ያው እንደ ጀማሪ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ቅቤው አምልጦ ፓትራው ውስጥ ተንቀለቀለ፤ ሊጡ ብስኩት ሆነ። በሁለተኛው ዱቄት አበዛ፤ አልነፋም። በሦስተኛው የእንቁላል አስኳሉን ሲቀባ ጠርዙ ላይ አንጠባጠበው፤ አስኳሉ ንብብሩን አጣብቆ በአንድ በኩል ብቻ ተነፋ፤ ጎማው የተነፈሰ መኪና መሰለ። በአራተኛው ኦቨኑን ቶሎ ቶሎ ከፈተ፤ ተነፍቶ ተኛ። እያንዳንዱን ስህተት ግን አንድ ጊዜ ነው የሠራው። ይሄ ይደንቀኛል። እኔ አንድ ስህተት ለሃያ ዓመት ስደጋግም የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቀስ በቀስ የራሱን ዘዴ አበጀ። ቢላውን ወደ ታች ብቻ ይጫናል እንጂ አይጎትትም፤ የተጎተተ ጠርዝ እንደማይነፋ ጣቱ ነግሮታል። ኦቨኑን ያዳምጣል። መጀመሪያ ቅቤው ይጮኻል፤ ቀጥሎ ጩኸቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሽታው ይቀየራል፤ ከወተት ሽታ ወደ ለውዝ ሽታ። ለውዝ ለውዝ ሲሸት ነው የሚያወጣው። እኔ በሰዓት እያየሁ "አሁን አውጣው ጋሼ" ስለው፣ "ገና ነው፤ አሁንም ወሬ ላይ ነው" ይለኛል። ሲወጣ ትክክሉ እሱ ነው።

ሁሌ ደስታ ነበር ካልኩ ግን መዋሸቴ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ጠዋት የለፋበትን ፓትራ ከኦቨኑ አውጥቶ ሲዞር፣ ጠረጴዛው ቅድም የነበረበት አልነበረም። አዋላጇ ስትወለውል አንድ ስንዝር ገፍታው ነበር። ፓትራው ወለል ላይ ተደፋ፤ ክንዱም ተቃጠለ። ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለካቢኔቱ ሰጥቶ፣ ስብርባሪውን በእጁ እየዳበሰ ይለቅማል። አዋላጇ ክንዱን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠበች ታለቅሳለች፤ ትቆጣለችም።

"በቃ! አንተ ሰውዬ፣ ይበቃል! ቤቱን ልታነድብኝ ነው? ራስህን ልትገድልብኝ ነው? ሥራ ላይ ሆኜ የሰው ምጥ እየጠበቅኩ ሐሳቤ እዚህ ኦቨን ላይ ነው!"

ጋሼ አስጨረሳት። ከዚያ፣ "አንቺ ሰው ስታምጥ 'ያማል፣ ተይው' ትያታለሽ?" አላት።

"ምን?"

"በቃ፣ ተይው፣ ይቅር ትያታለሽ ወይ?"

አዋላጇ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት። "እኔ አንተን ላምጥህ ነው እንግዲህ!" አለችውና አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አብራው ስብርባሪውን እየለቀመች፣ ለእኔ ይሁን ለእሱ ባላውቅም፣ "በር ዘግቼ ስወጣ እፈራለሁ እኮ። ያን ጊዜ መስኮቱ ሥር ሲቀመጥ ግን የበለጠ እፈራ ነበር" አለች። በማግሥቱ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወፍራም የጎማ ቴፕ ተውሳ ጠረጴዛው የሚቆምበትን ወለል በአራቱም እግር ዙሪያ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጠረጴዛ የገፋ ወዮለት።

መጋገር ከጀመረ ስድስት ወር ያህል ሲሆነው ለዓይን ምርመራው የሄደው ባዶ እጁን አልነበረም። ስኳር ተነስንሶበት ከሁለት በኩል ተጠቅልሎ የሚቆረጠውን፣ ሲጋገር ልብ የሚመስለውን፣ በካርቶን ሞልቶ ለነርሶቹ ይዞ ሄደ። እኔ ነኝ አብሬው የሄድኩት። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከአጠገባችን አንዲት ወጣት ሴት ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ከሐኪሙ ክፍል ገና መውጣቷ ነው። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። እናቷ እጇን ጭምድድ አድርጋ ይዛታለች። ጋሼ ፊቷን አላየም፤ አተነፋፈሷን ነው የሰማው። ካርቶኑን ከፍቶ ወደ ድምፁ ዘረጋላት።

"አንድ ውሰጂ ልጄ። ነርሶቹ ይበዛባቸዋል።"

ለይሉኝታ ያህል አንሥታ ገመጠችው። ክሽ አለ። ደንግጣ ቀሚሷን አራገፈች።

"ከየት ነው የሚገዛው?"

"ከየትም። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ቀና ብላ አየችው። ወፍራሙን መነጽሩን፣ በትሩን አየች። "ሰው ረድቶዎት ነው?"

"ስወድቅ የሚያነሣኝ አለ። ሊጡን ግን እኔ ነኝ የማጥፈው።"

የሒሳብ አስተማሪ ናት። ገና ሠላሳ አልሞላትም። የነገሯት ለእሱ ከነገሩት ጋር አንድ ነው። ጋሼ ምክር አልሰጣትም፤ "አይዞሽ" እንኳን አላለም። አድራሻውን ነግሯት፣ "ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ፀጉርሽን የምታስሪበት ይዘሽ ነይ" ብቻ አላት።

ቅዳሜ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየው ሚስኪን፣ ልጃቸው ወደ ቢላዋው እጇን በላከች ቁጥር ይዘላሉ። መዳመጫውን ይቀሟታል፣ ውሃውን ይቀዱላታል፣ "ተይ፣ እኔ ልያዝልሽ" ይላሉ። ቤት ውስጥ ውሃ አፍልታ ሻይ እንድትጠጣ እንኳን አይፈቅዱላትም ነበር። ጋሼ ጥቂት ታገሠና፣

"እናቴ፣ እርስዎ ሳሎን ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ" አላቸው።

"አይ ልጄ፣ እኔ ልርዳት እንጂ ምን ልቀመጥ!"

"ከባድ ሥራ አለዎት። ሲደርስ መቅመስ ነው፤ እስከዚያ ጉልበትዎን ይቆጥቡ።"

አዋላጇ ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ግን አንገታቸው እንደ ሰጎን ተመዝዞ ያያሉ። ፓትራው ኦቨን የሚገባበት ሰዓት ደረሰ። አስተማሪዋ ጓንቱን አጥልቃ ፓትራውን አነሣች። ጋሼ አልነካትም። "የኦቨኑን ከንፈር በጓንትሽ ጀርባ ፈልጊው። አገኘሽው? በእሱ ላይ አንሸራትቺው። ቸኩሎ የሚጠብቅሽ ማንም የለም" አላት። ፓትራው ብረቱን ነካ፤ ተንሸራተተ፤ ገባ። በሩ ተዘጋ። ሳሎን ውስጥ እናትየው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ አዋላጇ ጀርባቸውን ታሻለች፤ በዚህ ሥራ የለመደ እጅ ነው ያላት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወጣ። ግማሹ ጠማማ፣ ሁለቱ የተጣበቁ፣ የቀሩት ግን የተነፉ፣ ወርቅማ። እናትየው ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ፤ አምስት ቀመሱ።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ጠባብ ማእድ ቤት አራት ሰው ይይዛል። እንዴት እንደሚይዝ አትጠይቁኝ። ከክሊኒኩ የሚላኩ አሉ፤ ወሬ ሰምተው የሚመጡ አሉ፤ የታችኛዋ ጎረቤት ያለ ባልዲዋ ትመጣለች። ኬክ ጋጋሪዋ በወር አንድ ሰኞ ብቅ ትላለች። ባለፈው የጋሼን ሥራ ሰብራ ውስጡን አየች፣ ሸተተች፣ በላች፤ ሁላችንም አፏን እናያለን። "ጨው ትንሽ አንሶታል" አለችና ሌላ አነሣች። ጋሼ ከሁሉም ምስጋና ያንን ነው የሚጠቅሰው። "ሌላ አነሣች እኮ!" ይላል። የዓይኑ ነገር እንዳለ ነው፤ አልባሰም፣ አልተሻለም። ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋል። አሁንም አንዳንድ ቀን ይከፋዋል፤ ያን ቀን አናናግረውም፤ ወጥቶ ደረጃውን ሁለቴ ወርዶ ይወጣል።

አስተማሪዋ ትልልቅ ጽሑፍ በሚያሳይ ኮምፒውተር ታግዛ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ባለፈው እሑድ እነ ጋሼ ጋ ሻይ እየጠጣሁ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጋሼ! እማዬ ገበያ ስትሄድ ጠብቄ ብቻዬን ጋገርኩ! ከዱቄት ጀምሮ!"

"ነፋ?"

"ነፍቷል! ግን አሯል።"

"ላዩ ነው ታቹ?"

"ታቹ።"

ጋሼ ፍሬን ኩባያውን አስቀምጦ፣ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። "ምንም አይደል። ፓትራሽን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊው። የተረፈ ሊጥ አለሽ?"

"አለኝ።"

"እናትሽ ሳትመለስ እንግዲህ፣ ቶሎ በይ" አላት።